እጁ አልፈውስ ያለው ቅዱስ ጦረኛ

ባለፈው ሰሞን ወደ አምቦ ሄደን ነበር። የወሰደን የሥራ ጉዳይ ሲሆን እርሱም ቶሎ ስለ አለቀ፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሥራ ፈት ሆነን ሳለ አንድ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛችን «ታናሽ ወንድሜና ባልንጀሮቹ ዛሬ ጨዋታ አላቸው፤ ቤት ሄደን እንይ» አለን። እኛም ጨዋታው ካርታ ወይም ዳማ መስሎን ተከተልነው። ደርሰን ያየነው ግን ሌላ ነገር ሆነ። አምስት ወጣቶች አንድ ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። በፊታቸው በእርሳስ የተሞሉ ወረቀቶች፣ በእጅ የተሣለ የተራራና የወንዝ ካርታ፣ ጥቂት የአምቦ ውሃ ጠርሙሶች፣ እንዲሁም ብዙ ገጽ ያላቸው ባለ ቍጥር የዕጣ ጠጠሮች ተዘርግተዋል። ስንገባ ማንም ቀና ብሎ አላየንም፤ የጦፈ ክርክር ላይ ነበሩና።

የክርክሩ መነሻ እንዲህ ነው። ከአምስቱ አንዱ፣ በወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚሠራ ወጣት፣ በጨዋታው ውስጥ ቅዱስ ጦረኛ ነው። ይህ ጦረኛ ሰይፍ ከመታጠቁም በላይ እጁን በቍስለኛ ላይ ሲጭን ቍስሉ ይድንለታል፤ ክፉ ነገር ሲቀርብ ያውቃል፤ በሽታም አይዘውም። በዚያን ቀን ጨዋታ አንድ የጠላት ወታደር ማርኮ «የምሽጉን የጓሮ በር ካሳየኸኝ አልነካህም» ሲል ቃል ገባለት። ምርኮኛውም ቃሉን አምኖ በሩን አሳየ። ጦረኛው ግን «ሮጦ ሄዶ ቢነግርብንስ?» ብሎ ገደለው። ምሽጉም ተያዘ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የገዛ ጓደኛው ተወግቶ በወደቀ ጊዜ ጦረኛው እንደ ልማዱ እጁን ጫነበት። የጨዋታው ዳኛ ግን ጠጠር እንኳ እንዲጥል ሳይፈቅድለት «እጅህ አይፈውስም፤ ቃልህን አፍርሰሃል» አለው።

«ጠላት እኮ ነው! ምሽጉስ የተያዘው በእኔ አይደለም እንዴ?» ይላል የወረዳው ሠራተኛ።

«ምሽጉን ይዘሃል፤ ማን ወሰደብህ? ቅዱስነቱ ነው የቀረው» ይላል ዳኛው።

በሌለ ሰውና በሌለ ምሽግ ምክንያት ትልልቅ ሰዎች እንዲህ ሲፋጠጡ ማየት በመጀመሪያ አሳቀን። ነገር ግን በክፍሉ ማዕዘን ጋቢያቸውን ተከናንበው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ፣ የቤቱ ልጆች አያት፣ ሳይስቁ ክርክሩን በጽሞና ሲከታተሉ አይተን እኛም ሳቃችንን ዋጥ አደረግን። እውነትም ጥያቄው የጨዋታ ብቻ አይደለም። ለአንድ ሰው ከሰው በላይ የሆነ ሥልጣን በምን ምክንያት ይሰጠዋል? በምንስ ምክንያት ይነሣዋል? አንባቢያችን ይህን ጥያቄ ከእኛ ጋር እንዲመረምር እንጋብዛለን።

አስቀድመን ስለ ጨዋታው እንናገር። «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ይባላል፤ በአማርኛ «የምድር ቤት እስር ቤቶችና ዘንዶዎች» ማለት ይሆናል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ደራሲዎች በአውሮፓ አቈጣጠር በ1974 አሳተሙት። አንዱ ሰው ዳኛና ተራኪ ይሆናል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው የአንድን ሰው ሚና ወስደው፣ ለምሳሌ የወታደርን፣ የጠንቋይን፣ የካህንን ወይም የሌባን፣ «እኔ ይህን አደርጋለሁ» እያሉ ታሪኩን በጋራ ወደ ፊት ይገፉታል። ነገሩ አጠራጣሪ የሆነ እንደ ሆነ ጠጠሩ ይጣልና ዕጣው ይፈርዳል። እንግዲህ አሸናፊና ተሸናፊ የሚባል ነገር የለበትም፤ በአፍ የሚነገር፣ ብዙ አፎች ያሉት ተረት ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ፓላዲን የሚባለው ቅዱስ ጦረኛ በዚህ ጨዋታ ውስጥ የገባው በማግሥቱ ዓመት፣ በ1975፣ «ግሬይሆክ» በተባለው ተጨማሪ መጽሐፍ ነው። በ1978 የታተመው የተጫዋቾች መጽሐፍ ደግሞ ሕጉን በሰፊው አብራራ። አንባቢያችን ይህን ሕግ ሲሰማ እንደ እኛ ሳይደነቅ አይቀርም ብለን እናምናለን። ፓላዲን ለመሆን የሚፈልግ ተጫዋች ግርማ ሞገሱ በቍጥር ሲመዘን ከ17 ማነስ የለበትም፤ ከፍተኛው 18 ነውና ይህ ብዙ ጊዜ የማይገኝ ዕድል ነው። በቀን አንድ ጊዜ እጁን በመጫን ቍስል ይፈውሳል። በጸሎቱ በሽታን ያርቃል። ኋላም ልዩ የሆነ የጦር ፈረስ ይመጣለታል። በዚህ ሁሉ ፈንታ ግን ብዙ ነገር ይጠየቃል። ከሚያገኘው ሀብት ሁሉ ከዐሥር አንዱን እጅ ለምጽዋት ወይም ለቤተ እምነት መስጠት አለበት፤ ይህም የኛዎቹ አሥራት የሚሉት መሆኑ ግልጽ ነው። አስማት ያለባቸውን ዕቃዎች ከተወሰነ ቍጥር በላይ እንዲያከማች አይፈቀድለትም። ሥርዓትን ቢያፈርስ ወደ ካህን ቀርቦ መናዘዝና ንስሐ መግባት ግድ ይሆንበታል። እያወቀ ክፉ ሥራ የሠራ እንደ ሆነ ግን በዚያው ቅጽበት ጸጋው ሁሉ ይገፈፋል፤ ተራ ወታደር ሆኖ ይቀራል፤ ተመልሶም አያገኘው።

ከዚያ ወዲህ ቅዱሱ ጦረኛ በብዙ የኮምፒዩተር ጨዋታዎች ገብቷል። በ1995 በወጣው ሁለተኛው «ዎርክራፍት» ቍስለኛ ይፈውሳል፤ በ2000 በወጣው ሁለተኛው «ዲያብሎ» በዙሪያው ላሉት ጓደኞቹ ብርታት ይሰጣል። ነገር ግን በእነዚህ ውስጥ ቢዋሽም ባይዋሽም ኃይሉ አይጐድልበትም፤ ኃይሉ እንደ ደመወዝ በየደረጃው የሚከፈለው ነው። የቀድሞው የጠረጴዛ ጨዋታ ግን ጸጋውን ከጠባዩ ጋር አንድ ላይ አሰረው። በ2014 የወጣው የዚሁ ጨዋታ አምስተኛ እትምም የፓላዲንን ሥልጣን በመሐላ ላይ መሠረተው፤ መሐላውም የመሰጠት፣ የጥንታውያን ወይም የበቀል ሊሆን ይችላል። «ምን ማልህ? ጠበቅኸውን?» የሚለው ጥያቄ እዚህም አልተለወጠም።

ስሙ ከየት መጣ ቢሉ፣ ፓላዲን ማለት በላቲን ቋንቋ «የቤተ መንግሥት ሰው» ከሚል ቃል የወጣ ነው። በ814 የሞተው የፍራንኮች ንጉሥ ሻርለማኝ ዐሥራ ሁለት የተመረጡ ጦረኞች ነበሩት ተብሎ በአውሮፓ ሲተረክ ኖሯል። ከእነርሱም ዋነኛው ሮላን በ778 በፒሬኔ ተራሮች በሮንስቮ መተላለፊያ የወደቀው ነው። የጨዋታው ደራሲዎች ግን ሐሳቡን ያገኙት ከጥንቱ ታሪክ ብቻ ሳይሆን፣ ፖል አንደርሰን የተባለ አሜሪካዊ ደራሲ በ1961 በመጽሐፍ መልክ ካወጣው «ሦስት ልቦችና ሦስት አንበሶች» ከተባለ ልብ ወለድም ነው። እንግዲህ ቅዱሱ ጦረኛ ከቤተ መንግሥት ተነሥቶ፣ በተረት አልፎ፣ ወደ ጠረጴዛ ወርዶ፣ በመጨረሻም አምቦ ደረሰ ማለት ነው።

እኛ ግን እንዲህ ያለውን ጦረኛ ለማየት እስከ ፈረንሳይ መሄድ አያስፈልገንም። በልጅነቱ ቤተ ክርስቲያን የገባ ሰው ሁሉ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ፈረሰኞቹን ሰማዕታት አይቷል። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ዘንዶውን ይወጋል። ቅዱስ መርቆሬዎስ በጥቁር ፈረስ ሆኖ ከሃዲውን ንጉሥ ዑልያኖስን በጦር ይጥላል። ቴዎድሮስ፣ ፋሲለደስ፣ ገላውዴዎስም አሉ፤ የነገሥታቶቻችን ስሞች ከየት እንደ መጡ ልብ ይሏል። የእነዚህም ቅዱሳን ገድል ሲነበብ የምናገኘው ዋና ነገር ቃል ኪዳን ነው። ሰማዕቱ መከራውን ይቀበላል፤ ከዚያም ስሙን ለሚጠሩ ሰዎች የሚሆን ኪዳን ይሰጠዋል። ጸጋው ለራሱ መጠቀሚያ አይደለም ማለት ነው።

ይህም እምነት በሥዕል ብቻ አልቀረም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዐድዋ ጦርነት የተደረገበት ቀን የጊዮርጊስ ዕለት ነበር። ታቦቱ ከጦሩ ጋር ዘምቷል። ከድሉ በኋላ በተሣሉት ሥዕሎች ላይም ቅዱስ ጊዮርጊስ በሰልፉ መካከል ከሰማይ በነጭ ፈረስ ሲወርድ ይታያል። ለሠዓሊውም ሆነ ለዘማቹ ይህ ጌጥ አልነበረም፤ ያየውንና ያመነውን መመስከሩ ነበር።

ሆኖም እውነቱን ሙሉ በሙሉ መናገር ይገባናል። በዚያው በዐድዋ የተማረኩት ጣልያኖች ኋላ በውል ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ ከጣልያን ጎን ተሰልፈው ከተማረኩት የኤርትራ አስካሪዎች ግን በመቶዎች የሚቈጠሩት ቀኝ እጃቸውንና ግራ እግራቸውን ተቈረጡ። በጊዜው ለከዳ ሰው የተወሰነ ቅጣት ነው ተብሎ ነበር። የቅጣቱን ሕግ ማወቃችን የተቈረጠውን እጅ አይመልሰውም። ቅዱስ የተባለ ጦርነትም ቢሆን በውስጡ ይህን የመሰለ ነገር ሊኖርበት እንደሚችል ዐውቀን ስለ ቅድስናው ስንናገር ድምፃችንን ዝቅ ማድረግ ይኖርብናል።

ከዚህም ሌላ አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ። «ቅዱስ ጦረኛ ነኝ» የሚለው አንድ ወገን ብቻ አይደለም። የመስቀል ጦረኞች በአውሮፓ አቈጣጠር በ1099 ኢየሩሳሌምን ሲይዙ የከተማይቱን ሰው ያለ ርኅራኄ ፈጅተዋል፤ በልብሳቸው ላይ ግን መስቀል ነበረ። ወደ እኛ ዘመን ስንቀርብም ፋሺስት ጣልያን አገራችንን በወረረበት በጥቅምት 1928 ዓ.ም. የሚላኖው ካርዲናል ሹስተር ዘመቻው የክርስቶስን መስቀል ወደ ኢትዮጵያ የሚያደርስ መሆኑን በስብከታቸው አወደሱ። መስቀሉ ከሺህ ዓመት በላይ ቀድሞ እዚህ መኖሩን የዘነጉት ይመስላል። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ደግሞ አቡነ ጴጥሮስ፣ ጠመንጃ ሳይዙ፣ ለጠላት የሚገዛውን ሁሉ አውግዘው በአዲስ አበባ በጥይት ተደብድበው ሞቱ። አንዱ ጳጳስ ወራሪውን ባረከ፤ ሌላው ጳጳስ ለተወረረው ሞተ። የአምቦ አካባቢ ሰው የዚያን ሰዓት ነገር ልዩ በሆነ ስሜት ያስበዋል፤ «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» የተባለውን ተውኔት የደረሱት ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በአምቦ አጠገብ በቦዳ በዚያው በ1928 ዓ.ም. ክረምት የተወለዱ ናቸውና።

ታዲያ ሁለቱም ወገን በፈጣሪ ስም የሚናገር ከሆነ እውነተኛው በምን ይታወቃል? እኛ መልሱን ያገኘነው ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን አምቦ ከሚወስደው ከዚያው መንገድ ላይ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው መጀመሪያ ሆለታን ያገኛል። በ1927 ዓ.ም. በዚህች ከተማ፣ በስዊድኑ መኰንን በቪኪንግ ታም መሪነት፣ የሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት ተከፈተ። ተማሪዎቹ ወጣቶች ነበሩ፤ ዛሬ ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ተማሪዎች የብዙዎቹ እኩያ ወይም ታናሽ። ትምህርታቸውንም ሳይጨርሱ ጦርነቱ ደረሰባቸው። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጠላት እጅ ስትወድቅ ከእነርሱ የተረፉት ከሌሎች የተማሩ ወጣቶች ጋር ወደ ምዕራብ ሄደው በነቀምቴ ተሰበሰቡ፤ «ጥቁር አንበሳ» የተባለውንም ማኅበር አቋቋሙ። ሊቀ መንበራቸው የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመ ወርቅ በየነ ነበሩ። በሰኔ 1928 ዓ.ም. በነቀምቴ አጠገብ በቦነያ ያረፉትን ሦስት የጣልያን አውሮፕላኖች በሌሊት አቃጠሉ፤ ጄኔራል ማሊዮኮና ጓደኞቻቸውም እዚያው ሞቱ።

ይህ ጀብዱ በሰፊው የታወቀ ነው። እኛን የሚያስደንቀን ግን ከጀብዱው ይልቅ ሕጋቸው ነው። እነዚያ ወጣቶች አገር በጠፋበት፣ ቅጣት የሚሰጥ መንግሥት በሌለበት ሰዓት ዐሥር አንቀጽ ያለው ደንብ ለራሳቸው ጻፉ። በዚህም ደንብ ወታደራዊው ሥልጣን ለፖለቲካው ሥልጣን እንዲታዘዝ ወሰኑ። ማንም አባል አገሩን ትቶ ወደ ውጭ እንዳይሸሽ ከለከሉ። ገበሬውን መበደል ከለከሉ። ምርኮኛን ማንገላታትም ከለከሉ። ከላይ ሆኖ የሚቈጣጠራቸው አለቃ ስለ ሌለ ነው ይህን ሁሉ በራሳቸው ላይ የጫኑት። የእኛ እውነተኛ ፓላዲኖች እነዚህ ናቸው ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

«ታዲያ መሐላቸው ምን ጠቀማቸው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ መሐላቸው ጥይት አልመለሰላቸውም። ከልዑል ራስ እምሩ ጋር ወደ ደቡብ ዘመቱ፤ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጐጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው እጃቸውን ለመስጠት ተገደዱ። ከመካከላቸው አንዳንዶቹ ከየካቲት 12 ቀን በኋላ በተደረገው ፍጅት ተረሸኑ። በጨዋታው ውስጥ ቃሉን የጠበቀ ጦረኛ እጁ ይፈውሳል፤ በእውነተኛው ዓለም ቃሉን የጠበቀ ሰው ሊሸነፍና ሊሞት ይችላል። ልዩነቱ ይህ ነው። ሆኖም ከእነርሱ በኋላ የመጣው ትውልድ ስማቸውን ሲያነሣ የሚያፍርበት ነገር አላገኘም፤ ይህም ቢሆን ቀላል ፈውስ አይደለም።

ከሆለታ አልፈን አዲስ ዓለምንና ጊንጪን ስናገኝ ደግሞ የሌላ ወጣት ስም ይጠብቀናል። ጃገማ ኬሎ በ1913 ዓ.ም. በደንዲ የተወለዱ ሲሆን ጠላት አገር ሲገባ ገና የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበሩ። በዚያ ዕድሜ ጫካ ገቡ፤ ኋላም የብዙ ሺህ አርበኞች መሪ ሆኑ። የአዲስ ዓለም ምሽግ በ1933 ዓ.ም. ሲወድቅ ስማቸው በግንባር ቀደምትነት ይነሣል። ሕዝቡም «የበጋ መብረቅ» አላቸው። መብረቅ በክረምት ቢወርድ ማን ይደነቃል? በበጋ፣ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ የወረደ እንደ ሆነ ግን ሰው የሰማይ ሥራ ነው ይላል። ሌተና ጄኔራል ጃገማ እስከ 2009 ዓ.ም. ድረስ ኖረው በዘጠና ስድስት ዓመታቸው ዐረፉ። ቅጽሉን የሰጣቸው ሕዝብ ነው እንጂ እርሳቸው ራሳቸውን አልሰየሙም። ይህንንም ልብ ማለት ደግ ነው፤ ሰው በራሱ አፍ ቅዱስ ጦረኛ አይባልምና።

ምዕራብ ሸዋ ግን ሌላ ትልቅ ትምህርት አላት፤ ይኸውም መለኮታዊ ሥልጣን ከጦር መሣሪያ ርቆ የሚቆምበት ሥርዓት ነው። የሜጫ ኦሮሞ ሸንጎ የነበረው ኦዳ ቢሲል በዚሁ በምዕራብ ሸዋ ይገኛል፤ የሜጫም ሕግ ከመኮ ቢሊ ስም ጋር ይያያዛል። በገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ ዩኔስኮም ይህን ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በማይዳሰስ የባህል ቅርስነት መዝግቦታል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ጦር የሚመራው አባ ዱላ ነው። ቃሉ የተባለው የሃይማኖት አባት ግን ሌላ ነው፤ ሥራው ጦርነት ሳይሆን ጸሎት፣ ምርቃትና እርቅ ነው። ስዊድናዊው ተመራማሪ ካርል ኤሪክ ክኑትሶን በ1967 በአውሮፓ አቈጣጠር ባሳተሙት ጥናት ስለ ሜጫ ቃሉዎች በሰፊው ጽፈዋል፤ የተጣላ ሰው ሁሉ ጉዳዩን ይዞ ወደ ቃሉው ጋልማ ይመጣ እንደ ነበር ከዚያ እንረዳለን።

ከዚህም የበለጠ የሚያስደንቀው የኦሮሞ ሴቶች ሲንቄ ነው። ሲንቄ ሴት ልጅ ስታገባ የምትቀበለው ቀጭን በትር ነው። ይህች በትር አትወጋም፤ አትሰብርም። ነገር ግን ወንዶች ተጣልተው ጦር ሲማዘዙ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በመካከል የቆሙ እንደ ሆነ ተዋጊዎቹ መቆም አለባቸው። ያን አልፎ የሚሄድ ሰው ርግማን ያገኘዋል፤ ከማኅበርም ይገለላል። በጨዋታው ውስጥ ፓላዲን በዙሪያው ላሉት ሰዎች የማይታይ ጥበቃ ይሰጣል ይባላል። እኛ ግን ያለ ሰይፍና ያለ ጋሻ ይህንኑ ጥበቃ የምትሰጥ በትር በአገራችን እንዳለች ለተጫዋቾቹ ስንነግራቸው፣ አንደኛዋ ተጫዋች፣ የሕግ ተማሪ ናት፣ «እኔ ለሚቀጥለው ጨዋታ ሲንቄ የያዘች ሴት ሆኜ ነው የምመጣው!» አለች። ዳኛውም ጥቂት አሰበና «ሰይፍ የሚመታበትን ቍጥር ዐውቃለሁ፤ ይህ በየትኛው ጠጠር ይቈጠራል?» ሲል ሁላችንም ሳቅን።

እንግዲህ ወደ ክርክሩ እንመለስ። ያ የወረዳ ሠራተኛ አሁንም አልተረታም። በመጨረሻ ወደ ሽማግሌው ዞሮ «አባባ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን፤ የእርስዎ አባት አርበኛ ነበሩ አሉ። በጦር ሜዳ ጠላት መግደል ኃጢአት ነው?» አላቸው።

ሽማግሌውም ቶሎ አልመለሱም። ጋቢያቸውን አስተካክለው «ጠላት መግደልህን ማን ጠየቀህ፣ ልጄ? ጦርነት ነው። እኔ እንደ ሰማሁት ግን ሰውየው በሩን ሲያሳይህ ጠላት መሆኑ ቀርቷል፤ ያንተ ቃል የጠለለው ሰው ሆኗል። አንተ ያን ሰው ነው የገደልከው። አባቴ ብዙ ነገር አልነገረኝም፤ ስለ ጦርነቱ ማውራት አይወድም ነበር። አንድ ነገር ግን እየደጋገመ ይል ነበር፤ እጁን ሰጥቶ የተገደለ ሰው በሌሊት ተመልሶ ይመጣል፣ ሲዋጋ የሞተው ግን አይመጣም» አሉ።

በክፍሉ ውስጥ ጥቂት ጊዜ ዝም ተባለ። ያ ወጣት አንገቱን ደፍቶ ወረቀቱን ተመለከተ። ከዚያም በዝግታ «ታዲያ ጸጋዬ ጨርሶ አይመለስም ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ዳኛው መጽሐፉን አገላብጦ የድሮው ሕግ መመለሻ እንደማይሰጥ፣ አዲሱ ግን ንስሐን እንደሚቀበል ነገረው። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ «በእኛ አገር እኮ ጉማ አለ» አሉ። ጉማ የደም እርቅ ነው። ሰው የገደለ ሰው በሽማግሌዎችና በአባ ገዳዎች ፊት ጥፋቱን አምኖ፣ ለሟች ቤተ ሰብ ካሳ ተከፍሎ፣ ከብት ታርዶ ደሙ እስኪነጻ ድረስ ሁለቱ ወገኖች አብረው አይበሉም፤ አብረው አይጠጡም። ከእርቁ በኋላ ግን ቂም ይቀራል። ዳኛውም ይህን ሐሳብ ወዲያው ተቀበለ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ጨዋታ ምሽግ መስበር መሆኑ ቀርቶ፣ ቅዱሱ ጦረኛ የገደለውን ምርኮኛ ቤት ፈልጎ፣ ሽማግሌ ልኮ፣ ጉማ የሚገባበት እንዲሆን ተስማሙ። ከዘንዶ ጋር ከመዋጋት ይልቅ ይህ እንደሚከብደው የወጣቱ ፊት ይናገር ነበር።

እኛም ማታ በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ ስለዚያ የወረዳ ሠራተኛ ስናስብ መጣን። በጨዋታው ውስጥ እጁን ጭኖ ይፈውሳል። ሰኞ ጧት ደግሞ በቢሮው ተቀምጦ እጁን በወረቀት ላይ ያሳርፋል፤ ማኅተም ይመታል። ከመስኮቱ ማዶ የመሬት ማስረጃ የምትፈልግ አንዲት እናት ቆማለች። «ነገ ይምጡ፤ ይደርስልዎታል» ብሎ ቃል ይሰጣታል። እርስዋም ከገጠር ወጥታ፣ ለመኪና ከፍላ፣ ነገ ትመጣለች። በዚያን ጊዜ የዚያ ወጣት እጅ ይፈውሳልን ወይስ አይፈውስም? ይህን የሚወስን ጠጠር የለም፤ መጽሐፍ ይዞ የተቀመጠ ዳኛም የለም።

ዛሬ ተማሪ የሆነው ነገ ሹም ይሆናል፤ ሹም የሆነውም ከአማካይ ሰው በላይ የሆነ ሥልጣን በእጁ ገብቷል። ሕመምተኛን የሚያድን፣ ተከራካሪን የሚያስታርቅ፣ የደኸየውን ልጅ ትምህርት ቤት የሚያስገባ ፊርማ ለተራው ሰው ከተአምር አይተናነስም። በጨዋታው ውስጥ ግን ቃሉን ያፈረሰ ሰው ጸጋው እንደ ተወሰደበት በዚያው ቅጽበት ያውቃል፤ እጁ ሳይፈውስ ይቀርበታል። ቢሮ ውስጥ ይህ ምልክት የለም። ማኅተሙ ቃሉን ለጠበቀውም ላፈረሰውም እኩል ያትማል። ስለዚህ እኛ ወጣቶች ራሳችንን የምንመረምርበት ልማድ ከጥቁር አንበሶቹ እንማር ዘንድ እንመክራለን፤ እነርሱ የሚቀጣቸው በሌለበት ሰዓት ገበሬውንና ምርኮኛውን አስታውሰው ሕጋቸውን በገዛ እጃቸው ጽፈዋልና።

ጓደኛችን የሚቀጥለውን ቅዳሜ ጨዋታ ውጤት በስልክ ሊነግረን ቃል ገብቶልናል። ጉማው ገብቶ ያ ጦረኛ ከሟቹ ወገኖች ጋር አብሮ ሲበላ ለማየት፣ ብንችል ራሳችን አምቦ ድረስ ብንሄድ ደስ ይለን ነበር።